ሁለተኛው ጆይስቲክ

ሰውየው የልብስ ፋብሪካ መካኒክ ነው። መቶ ሃያ የስፌት መኪኖች በአራት መስመር ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ፣ እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ መሐል ለመሐል ይመላለሳል። ከመቶ ሃያው የአንዷ ድምፅ ትንሽ ከተቀየረ፣ ሰፊዋ ገና ቀና ሳትል እሱ አጠገቧ ቆሟል። ሰፊዎቹ "ዶክተር" ነው የሚሉት። "ዶክተር፣ የእኔዋ አሟታል" ሲሉት ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ምን አብልተሻት ነው?" ይላል፤ መስመሩ ሁሉ ይስቃል። ፋብሪካው ውስጥ እሱን የሚጠላ ሰው የለም።

ሥራው ላይ ግን በሁለት ነገር ቀልድ አያውቅም። አንደኛው መርፌ ነው። መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ተለቅሞ ወረቀት ላይ ካልተለጠፈ መኪናዋ አትነሣም፤ የጠፋችው ቅንጣት ነገ የአንድ ሕፃን ሸሚዝ ውስጥ ልትገኝ ትችላለችና። ብሎንም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ወለሉን በማግኔት ሲዳስስ ያመሻል እንጂ አንዲት ብሎን ጎድላ መኪና አይዘጋም። ሁለተኛው "ተበጠሰ" የሚለው ቃል ነው። ሰፊዎቹ ሲደክማቸው የፔዳሉን ማሰሪያ በመቀስ ቀጨም ያደርጉና "ዶክተር፣ ተበጠሰብኝ" ይሉታል። እሱ ጫፉን አንሥቶ ወደ መብራቱ ያየዋል። የተበጠሰ ነገር፣ ክርም ይሁን ሽቦ፣ ጫፉ ይበተናል፤ መቀስ ያገኘው ግን ልሙጥ ነው። ለአለቃ ነግሮ አያውቅም። "እሺ፣ አሥር ደቂቃ እረፊ። ሁለተኛ ግን በመቀስ አይበጠስብሽ" ይልና ይጠግነዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ይሆናል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እሱ ነው። ይማታል፣ ይሳደባል ማለት ግን አይደለም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ገላጋይም ሽማግሌም በመጣ ነበር። ዝም ነው የሚለው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኞቿ ጋር ስታወራ ስትስቅ ውላ ቤቷ ስትገባ እሷም ዝም። ምን እንደምትለው አውቃለሁ ብሎ ስለሚያስብ አይጠይቃትም፤ እሷም ስለማይጠይቃት አትነግረውም። እራት ይበላል፣ ሳህን ይነሣል፣ ሰውየው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና መደባደብ ይጀምራል።

የሚደባደበው በጌም ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ተደባዳቢዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በቡጢም በእርግጫም ብሎ ሌላውን ያነጠፈ ያሸንፋል። ከሰው ጋር መጫወት ይቻላል፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ብቻን ከኮምፒዩተሩ ጋር። እሱ የሚጫወተው ብቻውን ነው። አራት ደረጃዎች አሉት፤ "እጅግ ከባድ" በሚለው በመጨረሻው ላይ ከተሸነፈ ዓመታት አልፈዋል። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ባለ ቀንድ ግዙፍ፣ ስንቱ ልጅ ጆይስቲክ ወርውሮ ያለቀሰበትን፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጥለዋል። እንደ ስፌት መኪና ነው ያጠናው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉት ባለ ቀንዱ ይዘላል። ሁልጊዜ ይዘላል። ሲያርፍ ዝቅ ብሎ እግሩን መጥለፍ ነው። ሦስት ቡጢ ከተከላከሉት አራተኛውን በግራ ይሰነዝራል፤ በግራ ሲመጣ ደግሞ ጎኑ ባዶ ነው። መካኒኩ ይህን ሁሉ በጣቶቹ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢጫወት የሚሸነፍ አይመስለውም።

ጆይስቲኩ አንድ ብቻ ነው። ሲገዛ ሁለት ነበር፤ ሁለተኛው ተበላሽቷል። "ዕቃው አይገኝም" ይላል ሰውየው ሲጠየቅ። የሰፈሩን ራዲዮ፣ የጎረቤቱን ካውያ፣ የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ከሞት የሚያስነሣ ሰው ለአንድ ጆይስቲክ ዕቃ አጣ ቢባል ማን ያምናል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። የተበላሸው ጆይስቲክ ግን አልተጣለም። ሦስት ቤት ሲቀያየሩ፣ ሚስቱ በላስቲክ ጠቅልላ ከቤት ቤት ይዛው ዞራለች፤ አሁንም የቁም ሳጥኑ ታችኛ መሳቢያ ውስጥ አለ።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር የሚያወራ ሰው ቢኖር እሷ ናት። አንዷን ጆይስቲክ እየተቀባበሉ ነው ያደገችው፤ እሱ አንድ ዙር ከኮምፒዩተሩ፣ እሷ አንድ ዙር ከኮምፒዩተሩ። እርስ በርስ ተጋጥመው አያውቁም፤ በምን? አጠገቧ ተቀምጦ "አሁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ… ጠብቂ… አሁን!" ሲላት ባለ ቀንዱ ይወድቃል፤ እሷም "አይበገሬው!" ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። አይበገሬው ብላ ስም ያወጣችለት በስድስት ዓመቷ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ዶክተር መባሉን ይወደዋል፤ ይህችኛዋ ስም ግን ልቡን ታሞቀዋለች። ትምህርት ሲዘጋ ፋብሪካ ይዟት ይሄዳል፤ የመርፌውንም የመቀሱንም ነገር አስተምሯታል። አባቷ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጋለች፤ የነገራትን ሁሉ ታምናለች።

ከቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ጌም ቤት የተከፈተው በዚህ ዓመት ነው። ስድስት ቴሌቪዥን፣ አሥራ ሁለት የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ። ባለቤቱ ድሮ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወፍራም ሰው ነው፤ ጠብ ስለሚዳኝ ልጆቹ "ዳኛው" ይሉታል። ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ዳኛው በዚያው በመደባደቢያው ጌም የሴት ተማሪዎች ውድድር አዘጋጀና ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ የምታሸንፈው ሰፈሩን ወክላ ከሌሎች ሰፈሮች ጋር ትወዳደራለች፣ ስሟ የተጻፈበት ቲሸርትም ይሰጣታል። ልጅቷ ወረቀቱን ባየች ዕለት ሮጣ ቤት ገባች።

"አባዬ፣ ማንም አይችለኝም አይደል?"

"እጅግ ከባዱን የጣለች ልጅ! ማን አባቱ ይችልሻል?" አላት።

ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። "ከሰው ጋር ተጫውታ አታውቅ። እስቲ መጀመሪያ ትሞክር" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ሰውማ ከኮምፒዩተር አይበልጥም" አለ እሱ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ልጅቷም ይህንኑ ቃል ይዛ ክፍል ውስጥ ላልሰማ አሰማች፤ በውድድሩ ቀን ከክፍሏ ግማሹ እሷን ሊያይ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባትየው ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ከወንበሯ ጀርባ ቆመ። የደረሰቻት ልጅ ከእሷ አንድ ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ መነጽሯ ጆሮው ላይ በፕላስተር የታሠረ፣ ማስቲካ የምታላምጥ፣ አፏ የማያርፍ። "ወይኔ ጫማሽ ሲያምር! ከየት ነው?" ትላለች፣ ጣቶቿ ግን ሥራቸውን አልረሱም። የመካኒኩ ልጅ እንደተማረችው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ባለ መነጽሯ አልዘለለችም። ቆማ ታያታለች። ልጅቷ ዝቅ ብላ ባዶ አየር ጠለፈች፤ ያን ጊዜ መጥታ በእርግጫ አነጠፈቻት።

"ጠብቂያት፣ ትዘላለች" አለ አባት ከኋላ በሹክሹክታ።

ጠበቀቻት። አልዘለለችም። ሦስት ቡጢ ተከላክላ አራተኛውን በግራ ጠበቀች፤ በቀኝ መጣ። በሁለተኛው ዙር ባለ መነጽሯ ነገሩ ገባት። እሷው ራሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለች ማፌዝ ጀመረች፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

"የተሸነፈ ይነሣ!" አለ ዳኛው።

ልጅቷ ወዲያው አልተነሣችም። ዞራ አባቷን አየችው፤ ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል፣ አልፈሰሰም። "ያልከኝን እኮ ነው ያደረግኩት" አለችው። ከዚያ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀምጣ፣ በክፍሏ ልጆች መሐል አንገቷን ደፍታ ወጣች። እሱ አስተማሪም አባትም ሆኖ ከባዶው ወንበር ጀርባ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ደብተሯን ትዘረጋለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ለሚጠይቃት "እሺ" እና "ደህና" ትመልሳለች። ጌሙን ከፍቶ "ነይ፣ አንድ ዙር" ሲላት "የቤት ሥራ አለብኝ" ትላለች። አይበገሬው የሚለው ስም ከቤቱ ጠፋ። ሰውየው ብቻውን ባለ ቀንዱን ጣለው፤ ቢጥለውም ደስ አላለውም። ሚስቱን አየት ያደርጋል፤ "ብዬህ ነበር" እንድትለው ይጠብቃል፣ መልሱንም አዘጋጅቷል። እሷ ግን ምንም አላለችም። ዝም አይነቅዝም ብላ የተቀመጠች ትመስላለች። አንድ ነገር ብላው ቢጣሉ ይሻለው ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ጌም ቤት ወሰደው። ልጄ የተሸነፈችው ስለፈራች ነው፣ ትምህርቱ ስሕተት የለበትም የሚል ነገር በሆዱ ይዟል። ባለ መነጽሯ እዚያው ናት። ልጆቹ የሥራ ልብሱን፣ የዘይት እጁን እያዩ ተጠቃቀሱ። አንዱን ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ማንንም ሳያናግር፣ ለብቻ የሚለውን መርጦ፣ እጅግ ከባድ የሚለውን ነክቶ ጀመረ። አንደኛው ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ፣ አምስተኛው ላይ ቤቱ ጨዋታውን ትቶ ከኋላው ተሰበሰበ። ባለ ቀንዱ ሲወድቅ አጨበጨቡለት። ዳኛው እንኳ ከባንኮኒው ተነሥቶ መጣ።

"ተዓምር ነው!" አለች ባለ መነጽሯ፣ ከልቧ። "እኔ እዚህ ደረጃ ላይ ሁለተኛውን አልፌ አላውቅም።" ተቀምጣ ሞከረችው፤ እውነትም በሁለተኛው ተነጠፈች። ልቡ ሞቀ። ይኸው፣ አለ በሆዱ። "በይ አሁን ከእኔ ጋር" አላት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው። ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ሦስቱንም ተሸነፈ። ወደ ኋላ ሲል ቆማ ታየዋለች። ሲጠብቃት አትመጣም፤ መጠበቁን ሲተው ትመጣለች። አንድ ጊዜ በጠለፋ ጣላት፤ በዚያችው ጠለፋ ሁለተኛ ሊጥላት ሲል ግን እዚያው ጋ ጠብቃ አገኘችው። የትኛውን ቁልፍ እንደነካ ሳያውቅ ላብ አጠመቀው። ባለ ቀንዱን የጣለው ጣት የእሱ ጣት አልመስል አለው።

"ታዲያ ጎበዙ የትኛው ነው?" አለ አንድ ልጅ ግራ ገብቶት። "እሷ ኮምፒዩተሩን አትችለውም። እሱ ኮምፒዩተሩን ይችለዋል። እሷ ግን እሱን ትችለዋለች።"

"ኮምፒዩተር ትናንት በተመታበት ዛሬም ይመታል" አለው ዳኛው። "ሰው አንዴ ከተመታ ይማራል። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ጨዋታው ነው የተለያየው።"

ባለ መነጽሯ ማስቲካዋን ወደ አንድ ጉንጯ አሸጋሽጋ ዞር አለችና "ጋሼ፣ አይቆጡኝና" አለችው፣ "እኔን እኮ አያዩኝም። ሌላ ሰው ነው የሚጠብቁት።"

ከጌም ቤት ወጥቶ በቀጥታ ቤቱ አልገባም፤ መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞረው። ያልተቆጣው ንግግሯ እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞ አንድ የማይረሳው ነገር ነበረው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ላለማሰብ የታገለው።

ያን ጊዜ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጌሙን አዲስ ገዝቶ ሲጫወት ከጎኑ መጥታ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሣች። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አታውቅም፤ አሥሩንም ጣቶቿን አፍስሳ ያገኘችውን ሁሉ ትደበድባለች። አሸነፈችው። "ዕድል ነው" አላት። ደግማ አሸነፈችው። በሦስተኛው ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ "ወይኔ የኔ ጀግና! ወይኔ የኔ ጀግና!" እያለች። ክፋት አልነበረባትም። ደስ ብሏት ነው። እሱም ፈገግ ብሎ ነበር። በማግስቱ እሷ ሥራ ስትውል ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጣ፤ ጆይስቲኩን ፈታ፤ በክር መቁረጫው አንዷን ቀይ ሽቦ ቀጨም አደረጋት፤ ገጠመው። ስድስት ብሎን ነበረው፤ አንዷ ከእጁ አምልጣ የሆነ ቦታ ገባች፤ ሰዓቱ ደርሶበት በአምስት ዘጋው። ማታ ላይ "ተበላሽቷል" አላት። "ትሠራዋለሃ" አለችው። "ዕቃው አይገኝም።" ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ በአራተኛው አልጠየቀችም። እንደዚያ ስትስቅም ከዚያ ወዲህ ሰምቷት አያውቅም። በእርግጥ ለአንድ ጆይስቲክ ሳቁን የሚተው የለም፤ እሱ ግን ከጆይስቲኩ በኋላ ብዙ ነገር ቆርጧል። ሐሳብ ስታመጣ "አውቀዋለሁ"፣ እንውጣ ስትል "ደክሞኛል"፣ ስትከራከረው ዝም። መሸነፍ እንዳይኖር ጨዋታውን ማጥፋት ልማድ ሆነበት። ስለ ራሱ ይህን ከራሱ ሆድ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ላስቲኩን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፈ፤ ካቻቪቴ፣ መብየጃ፣ የክር መቁረጫ ደረደረ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በዚያው ጠረጴዛ ሌላኛ ጫፍ ተቀምጣለች። አላየሁም ለማለት ሞክራ አልቻለችም።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልሠራው። ያለ ሁለተኛ ጆይስቲክ ያስተማርኩሽ ትክክል አልነበረም። ከሰው ጋር መጫወት ነበረብሽ። ከእኔ ጋር።"

"ዕቃው አይገኝም አላልክም?"

ካቻቪቴውን አነሣ። ልጅቷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው። አምስቱን ብሎን ፈታ፤ ክዳኑን አነሣ። አቧራ የያዘ ትንሽ ሰሌዳ፣ አራት ሽቦ፤ ሦስቱ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ቀዩ ለሁለት ተለያይቷል። እጁን ሰድዶ ሊሸፍነው ፈለገ። ይህን ቀድሞ አለማሰቡ ያስገርማል፤ ግን ማን ይጠይቀኛል፣ ልጅ ናት ብሎ ነው። ልጅቷ ግን የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጥፍሯ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፤ ልክ እሱ ፋብሪካ ውስጥ እንደሚያደርገው።

"አባዬ፣ ይኼ አልተበጠሰም" አለች። "ጫፉ አልተበተነም። ልሙጥ ነው።"

ሚስቱ ማዕድ ቤት ዕቃ ታጥብ ነበር፤ የውኃው ድምፅ ቆመ።

"ተቆርጦ ነው። ማን ቆረጠው?" ልጅቷ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞረች። "እማዬ፣ አንቺ ነሽ?"

እናትየው በር ላይ ቆማ እጇን በፎጣ ታደርቃለች። ባሏን ታየዋለች። "እኔ እንጃ" ብትል ያልፍለት ነበር። እሱም አንድ ቃል ቢል፣ "ስንገዛውም እንዲህ ነበር" ቢል፣ ልጅቷ ልታምነው ትችላለች። እስከ ዛሬ ያላትን ሁሉ አምናለች፤ ያ ነው ያመመው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ? ለምን?"

"እናትሽ አሸነፈችኝ። አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ። ሦስት ጊዜ አሸነፈችኝና ሳቀችብኝ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችው። ፊቷ ላይ ንዴት መጣ፤ ከንዴቱ በስተኋላ ደግሞ ሌላ ነገር፣ ክፍል ውስጥ "አባቴ አይበገርም" ብላ የተናገረችው ሁሉ። "ስለዚህ ከኮምፒዩተር በቀር ማንንም አሸንፈህ አታውቅም" አለችው።

"ማንንም።"

"እኔ ደግሞ በዚህ ምክንያት በክፍሉ ሁሉ ፊት…" አልጨረሰችውም። ተነሥታ ልትሄድ ነበር፤ ግን ምን እንደያዛት እንጃ፣ መልሳ ቁጭ አለች። "ሥራው" አለችው። ያ ቃል የይቅርታ አልነበረም።

በቀን ሃያ መኪና የሚፈታ እጅ አንዲት ሽቦ ለመበየድ ሁለት ጊዜ ሳተ። ከዚያ ያዘለት። ክዳኑን ገጠመ፤ አምስቱን ብሎኖች አጠበቀ፤ ስድስተኛዋ ቀዳዳ ባዶዋን አፈጠጠችበት። "በአምስቱ ይይዛል" አለ ለራሱ።

ሚስቱ ወደ መኝታ ቤት ገብታ የፀጉር ሹካዎቿን የምታስቀምጥባትን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። በጣቷ ፈልጋ አንዲት ነገር አወጣችና ጨርቁ ላይ፣ ከካቻቪቴው አጠገብ አስቀመጠች። ትንሽ ጥቁር ብሎን።

"ተበላሽቷል ባልከኝ ማግስት ስጠርግ ነው ያገኘኋት" አለች። "አልጋው ሥር።"

ሰውየው ብሎኗን፣ ቀና ብሎ ሚስቱን፣ መልሶ ብሎኗን አየ። አንዲት ብሎን ጎድላ ዕቃ የማይዘጋው ባሏ ተደብቆ እንደፈታው ከዚያች ቀን ጀምሮ ታውቃለች። "ዕቃው አይገኝም" ባላት ቁጥር፣ ሦስቱንም ጊዜ፣ እያወቀች ነው የጠየቀችው፤ በራሱ አፍ እንዲነግራት ሦስት ዕድል ሰጥታው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ለአንዲት የመርፌ ቅንጣት ወለል የሚዳስሰው ሰው፣ ቤቱ ውስጥ የጣላትን ብሎን ሚስቱ አሥራ ሦስት ዓመት ስታስቀምጥለት ኖራለች። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"አንተ ነበርክ የምትነግረኝ" አለችው።

ስድስተኛዋን ብሎን አጠበቀ። ልጅቷ ሁለቱንም ጆይስቲኮች ወስዳ ሰካችና አሁን የተሠራውን ለእናቷ ሰጠቻት። "እማዬ፣ ቁጭ በይ። እንደ ጌም ቤቱ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል።" አባትየው የሚቀመጥበት አልነበረም፤ ከኋላቸው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲክ ሳይዝ ያንን ስክሪን ሲያይ፣ ቤቱ ጠባብ ሆኖ ታየው።

እናትየው አልተለወጠችም። አሥሩንም ጣቶቿን አፍስሳ ትደበድበዋለች። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ከልማድ፤ እናት ለራሷም ባልገባት እርግጫ አነጠፈቻት። አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ። ልጅቷ "ኧረ ምንድነው የምትነኪው!" ብላ ጮኸች፤ እናትየው "እኔ ምን አውቄ!" አለችና፣ ያ ሳቅ መጣ። ከሆድ የሚነሣው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥራት። ሰውየው አወቀው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳይሰማው የሸሸው ድምፅ ይህ ነው፤ አሁን ቆሞ ሲሰማው ግን ማንንም አያዋርድም፣ በሱም ላይ የተሳቀ አልነበረም።

ልጅቷ ተሸንፋ ተነሣች። ጆይስቲኳን ለአባቷ ዘረጋችለት፤ ፊቷ ገና አልተፈታም። እሱም ተቀብሏት ባዶው ወንበር ላይ፣ ከሚስቱ ጎን፣ ተቀመጠ። መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ሚስቱ ወደ ስክሪኑ እያየች ትጠብቀዋለች፤ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ አያውቅም፣ አውቃለሁም ለማለት አልደፈረም። ፈርቷል።

ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ሄደች። ጨርቁ ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች የክር መቁረጫውን መርጣ አነሣችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"ጀምሩ" አለች። "ይቺ እኔ ጋ ትቆይ።"